እትዬ አብረኸት እና የባቡሩ ዘፈን

ባለፈው ኅዳር፣ የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት፣ የበረዶ ጎማ ላስገጥም ዴንቨር ዳርቻ ወዳለችው ኮሜርስ ሲቲ ሄጄ ነበር። ጎማ ቤቱ በሁለት ትልልቅ መጋዘኖች መሀል የተሰነቀረ ጠባብ ቤት ነው። ተራ መጠበቂያው ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የተጣደ ቡና እና አዲስ ጎማ ይሸታል። ጥግ ላይ ያለው ሬዲዮ ማስታወቂያውን ሲለፈልፍ ቆይቶ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ጊታር ብቻውን ጀመረ፤ ከበሮው ቀስ ብሎ ተከተለው። ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜያለሁ።

"መኪናሽ ገና ነው" አለኝ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ልጅ።

"አውቃለሁ" አልኩትና ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆሜ ቀረሁ።

የድሮ ካንትሪ ሮክ ነው። ለሌላ ሰው ምናልባት መኪና ሲነዳ የሚያንጎራጉረው ተራ ዘፈን ይሆናል። ለእኔ ግን የእትዬ አብረኸት ዘፈን ነው። በሕይወቴ የሠራሁት የመጀመሪያው ትርጉምም እሱ ነው፤ የመጀመሪያው ትልቅ ውሸቴም እንደዚሁ።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺዎቹ ገና ሲጀምሩ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እኔና እናቴ አውሮራ ውስጥ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ፣ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ሺፍቷ ይቀያየራል። ግድግዳ የሚለየን ጎረቤታችን እትዬ አብረኸት ነበሩ። ኤርትራዊት ናቸው፤ አስመራ በአማርኛ የተማሩ። ከባለቤታቸው ከጋሽ ደረጀ ጋር የተገናኙት ካርቱም፣ በስደት ላይ ሳሉ ነው። ባለቤታቸው የደሴ ሰው ስለሆኑ የቤታቸው ቋንቋ አማርኛ ነበር።

እትዬ አብረኸት ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል አልጋ ያነጥፋሉ። ረጅም፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ነጠላቸውን በጃኬት ላይ ጣል የሚያደርጉ ሴት ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ላውንድሪ ሩም ውስጥ እንገናኛለን። እዚያ ሁሌ ይሞቃል። የሳሙናው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ማድረቂያዎቹ ውስጥ የጂንስ ቁልፎች ቂው ቂው ይላሉ፤ ከጣሪያው ሥር ባለችው ትንሽ መስኮት የሰው እግርና የመኪና ጎማ ብቻ ይታያል። የሕንጻው ጥገና ሠራተኛ መደርደሪያ ላይ የተዋት ሬዲዮ ነበረች፤ አንቴናዋ ተሰብሮ በሽቦ ተተክቷል። ጣቢያውን የሚቀይር ሰው ስላልነበረ ቀኑን ሙሉ የድሮ ዘፈን ታሰማለች።

አማርኛ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት እዚያ ነው። እትዬ አብረኸት አንሶላ አጥፈው ሲጨርሱ ደብተር ያወጣሉ። ጽሕፈታቸው የታተመ ይመስላል። ሀሌታው "ሀ" እና ሐመሩ "ሐ" የሚለዩበትን ቦታ ከተሳሳትኩ ብዕራቸውን አንስተው ያርማሉ፤ "ጓለይ፣ ድምፁ አንድ ቢሆንም ቤቱ ሌላ ነው" ይሉኛል። ጓለይ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ በምላሹ ከሆቴሉ የሚመጣላቸውን ወረቀት፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የአፓርትመንቱን ማስታወቂያ አነብላቸዋለሁ።

ጋሽ ደረጀ ትልቅ ትራክ ይነዱ ነበር። ሁለት ሳምንት ሃይዌይ ላይ ናቸው፣ ሦስት አራት ቀን ቤት ይመጣሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። ሲመጡ ሕንጻው ሁሉ ያውቃል፤ ይስቃሉ፣ ይጫወታሉ፣ የሰው ሶፋ ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ ያወጣሉ። ለእኔ ከየስቴቱ የቁልፍ መያዣ ያመጡልኛል። የኔቫዳው ላይ ትንሽዬ የፈረስ ጫማ ነበረበት። ሚስታቸው መንዳት መማር እንደሚፈልጉ ሲያነሱ ግን ሁሌ በሳቅ ይዘጉታል፤ "አብረኸት መሪ ከያዘች ዴንቨር ውስጥ ሰው አይተርፍም። እኔ እያለሁ ምን አስነዳሽ?" እትዬ አብረኸትም አብረው ይስቃሉ። ንግግራቸውን አምነውላቸው ነበር። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተጉዘው ሥራ ይገባሉ፤ ሁለት ሰዓት ተጉዘው ይመለሳሉ።

አንድ የጥቅምት እሑድ እናቴ ጫማ ልትገዛልኝ ከከተማው ማዶ ሌክውድ ወሰደችኝ። የጫማ መደብሩ በራፍ ላይ ጋሽ ደረጀን አየኋቸው። በዚያ ሳምንት ኔቫዳ ነው የነበሩት። ማለቴ፣ እትዬ አብረኸት ማታ ማታ ስልክ ሲያናግሯቸው ኔቫዳ ነኝ ነው የሚሉት። ትከሻቸው ላይ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ ሕፃን ተኝቷል። አጠገባቸው ያለችው ወጣት ሴት የሕፃኑን ካልሲ እያስተካከለች "ደሬ፣ እንዳይበርደው" አለች። በአማርኛ ነው ያለችው። እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨብጣ ዞር አደረገችኝ፤ ጫማውም ሳይገዛ ወደ መኪና ተመለስን።

ቁልፉን አስገባች፤ መኪናውን ግን አላስነሳችም። "ያየሽውን አላየሽም" አለች በመጨረሻ።

"እትዬ አብረኸት ግን..."

"ማህሌት! የሰው ትዳር ነው። ከእኛ አፍ እንዳይወጣ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ሰውየውን በሆዴ አንቱ ማለት አቆምኩ። በአፌ "ጋሽ ደረጀ፣ እንደምን አደሩ" እላለሁ፤ በውስጤ ግን አንተ ነው።

ዘፈኑ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሬዲዮዋ ሁሌ ታሰማው ነበር፤ እትዬ አብረኸትም ዜማውን ከያዙት ቆይተዋል። ቃሉን ሳያውቁ ያንጎራጉሩታል። የዚያን ቅዳሜ ዘፈኑ ሲጀምር የያዙትን ትራስ ልብስ ደረታቸው ላይ አስጠግተው ቆሙ።

"ባቡር ሲል ይሰማኛል፤ ስልክም ይላል። መንገደኛ ባሏን የምትጠብቅ ሴት ናት፣ አይደል?"

"አላውቅም" አልኩ፤ የዚያን ጊዜ በእውነት አላውቅም ነበር።

"እስቲ በአማርኛ ጻፊልኝ። አንድም ቃል ሳይቀር። ደረጀ ሲመጣ ላነብለት ነው።"

ሰኞ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ግጥሙን ፈልጌ አወጣሁት። ፕሪንተሩ እየተንተባተበ ሲተፋው እዚያው ቆሜ አነበብኩ። ባልየው ለሥራ ሩቅ ከተማ ነኝ ብሎ ለሚስቱ ይደውላል። እሷ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ ስታናግረው በቤቷ አጠገብ ባቡር ያልፋል። የዚያው ባቡር ጡሩምባ በስልኩ ውስጥም ይሰማታል። ሰውየው ሩቅ አይደለም፤ ከሐዲዱ ማዶ ሌላ ሴት ቤት ነው ያለው። እሷም ምንም ሳትለው፣ "መንገድህን ሰላም ያድርገው" ብላ ስልኩን ትዘጋለች።

ወረቀቱን አጥፌ ጫማዬ ውስጥ ከተትኩት። ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሌላ ዘፈን ጻፍኩ። በእኔ ዘፈን ባልየው በእውነት ሩቅ ነው፤ ባቡር ሲያልፍ ይሰማና ሚስቱ ትናፍቀዋለች፤ ነገ እመጣለሁ ይላታል፤ ይመጣልም። እናቴ አላየሽም ብላኛለች፤ እኔ ደግሞ እትዬ አብረኸትን የማስደሰቻ መንገድ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ሲያነቡት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ገልብጠው ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፉት። ሰውየው ሲመጣ እኔንም እናቴንም ጠርተው፣ ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡለት። እናቴ የሻይ ብርጭቆዋን ታያለች። እሱ እያዳመጠ ፈገግ ይላል፤ ፈገግታው ግን ወደ እኔ ነበር።

በነጋታው ፓርኪንግ ሎቱ ላይ አገኘኝ። ጎንበስ ብሎ፣ "ዘፈኑን አውቀዋለሁ፤ መንገድ ላይ ሁሌ ነው የምሰማው" አለኝ። "አንቺ ብልጥ ልጅ ነሽ። ሰው ቤት ሰላም የሚሆነው እንዳንቺ ዓይነት ልጅ ሲኖር ነው።" መዳፌ ውስጥ ቸኮሌት አስቀምጦ ትራኩን ወዳቆመበት ሄደ።

ቸኮሌቱን አልበላሁትም፤ አልጣልኩትምም። መዳፌ ውስጥ እስኪቀልጥ ድረስ እዚያው ቆምኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በእትዬ አብረኸት በኩል የቆምኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከእሱ ጋር ነኝ። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ቤት ገብቼ እውነተኛውን ዘፈን ጻፍኩት። እናቴ ሥራ ነበረች። ብትኖርም የምታቆመኝ አይመስለኝም፤ ማንም ሊከለክለኝ አይችልም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ላውንድሪ ሩም ወረድኩ። እትዬ አብረኸት የሰውየውን የሥራ ሸሚዞች እያጠፉ ነው። ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

"የፊተኛው ልክ አይደለም። ይኼ ነው ትክክለኛው።"

አነበቡት። እንደገና አነበቡት። ከዚያ ያደረጉትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ከኪሳቸው ብዕር አውጥተው፣ "ሀዲድ" ብዬ የጻፍኩትን "ሐዲድ" ብለው አረሙት።

"የፊተኛውን ለምን ዋሸሽኝ?"

የታጠፉትን ሸሚዞች ክምር ማስተካከል ጀመርኩ።

"ማህሌት፣ ሰው በዘፈን እንዲህ አያለቅስም። ሌላ ነገር አለ። ንገሪኝ።"

ማልቀሴን አላወቅኩም ነበር። ነገርኳቸው፤ ሌክውድን፣ ኮፍያውን፣ ካልሲውን፣ "ደሬ" ያለችውን ሴት፣ ቸኮሌቱን። አላቋረጡኝም። የያዙትን ሸሚዝ አንገትጌ አስተካክለው፣ አጥፈው፣ ከሌሎቹ ላይ አኖሩት።

"እናትሽ ታውቃለች?"

"አዎ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደማይወዱኝ፣ እንደማያናግሩኝ እየጠበቅኩ ነበር። እሳቸው ግን አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። "ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ። ለደስታዬም ብለሽ ቢሆን። የሚያስለቅሰኝን እኔ አለቅሰዋለሁ፤ አንቺ የተባለውን ንገሪኝ።" ቅርጫቱን አንስተው ደረጃውን ቀጥ ብለው ወጡ።

ያን ቀን ማታ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ከፈተች፤ ፊታቸውን አይታ ገና ሳይናገሩ አወቀች።

"አንድ ወር ሙሉ አብረን ልብስ ስናጥፍ ዓይኔን ታዪ ነበር" አሉ እትዬ አብረኸት።

"ቤትሽን እንዳላፈርስብሽ ፈርቼ ነው፣ አብረኸት። በእመቤታችን፣ ለክፋት አይደለም።"

"የፈረሰውን ነው የደበቅሽኝ። ትልቋ ዝም ብላ ልጅቷ ነገረችኝ።"

እናቴ በሩን እንደያዘች አለቀሰች። እትዬ አብረኸት አላባበሏትም፤ ግን ትተዋትም አልሄዱ። ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ ወደ መኝታ ተባረርኩ።

ሰውየው እንደገና ወጥቶ ሁለት ሳምንት ቆየ። የተመለሰው በረዶ ጥሎ ትምህርት ቤት የተዘጋ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ እናቴ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገች፤ ከዚያ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ መልሳ አጠፋችው። የእሱ ሳቅ መጀመሪያ ተሰማን። ከዚያ፣ "የልጅ ወሬ ይዘሽ ነው? እኔን የሚመስል ሰው አይታ ይሆናል። እኔ ኔቫዳ ነበርኩ" ሲል።

የእትዬ አብረኸት ድምፅ አልጨመረም፤ አልቀነሰም። "አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። የልጁ ስም ማን ነው?"

"የምን ልጅ?"

"ስሙን ብቻ።"

ራዲያተሩ ሲንጫጫ ይሰማል። "ናሆም" አለ።

"ናሆም" ብለው ደገሙት። "ጥሩ ስም ነው። በል ሂድና አሳድገው።"

ለምኗል፤ ተቆጥቷል፤ ካርቱምን አንስቷል። ልብሶቹ ከጠዋት ጀምሮ ታጥበው፣ ተጣጥፈው፣ በሦስት ሻንጣ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። በመስኮት ሳየው በበረዶው ላይ ሻንጣዎቹን እየጎተተ ሄደ። እትዬ አብረኸት አላዩትም። ሲያለቅሱ ግን በግድግዳው በኩል እስኪመሽ ድረስ ሰማናቸው። እናቴ ሁለቴ ተነስታ በራቸው ድረስ ሄዳ፣ ሳታንኳኳ ተመለሰች። ሦስተኛው ላይ አንኳኳች፤ ከፈቱላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ላውንድሪ ሩም ስወርድ ጠረጴዛው ላይ የፊደል ደብተሩ አልነበረም። የስቴቱ የመንጃ ፈቃድ መማሪያ መጽሐፍ ነበር።

"ከአንደኛው ገጽ ጀምሪ" አሉኝ። "የገባኝን እነግርሻለሁ፤ ያልገባኝን ደግሞ ትደግሚልኛለሽ።"

"ጋሽ ደረጀ እርስዎ መንዳት አይችሉም ብለው..." ብዬ ጀምሬ አፌን ያዝኩ።

"ብሎኛል። መኪና ቢኖረኝ ኖሮ ሌክውድ ሃያ ደቂቃ ነበረች።"

ትምህርቱን እናቴ ያዘችው። ማንም አልጠየቃትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ሎት ባዶ ሲሆን ቁልፏን ታወጣና፣ "ነይ፣ ግቢ" ትላቸዋለች። ከኋላ ወንበር ሆኜ ያየሁትን መቼም አልረሳም። እትዬ አብረኸት መሪውን እንደ ሕፃን እጅ አጥብቀው ይይዛሉ። የመንገድ ጠርዝ ወጥተዋል፤ የቆሻሻ ገንዳ ገጭተዋል፤ አንዴ ነዳጅና ፍሬን ተምታቶባቸው ቄሱ በሩጫ ደረጃ ላይ ወጥተዋል። እናቴ ትጮሃለች፤ እሳቸው ሞተሩን ያጠፋሉ፤ ትንፋሽ ይስባሉ፤ "እንደገና" ይላሉ። ይቅርታ መባባላቸውን በጆሮዬ አልሰማሁም። ፀደዩ ሲገባ ግን ሁለቱ ከፊት ተቀምጠው ይሳሳቁ ነበር።

ቴስቱን ሁለቴ ወደቁ። የወደቁ ቀን ከፈተና ቤቱ ሲወጡ ፊታቸው አይለወጥም። ወረቀቱን ለእኔ ይሰጡኛል፤ "ምን አጠፋሽ ይላል? ሳታሳምሪ አንብቢ።" አነባለሁ። መስታወት አላየሽም፤ መስመር ስትቀይሪ ዘገየሽ። በሚቀጥለው እሑድ እሱኑ ሲደጋግሙ ይውላሉ። በሦስተኛው አለፉ።

አንድ ቅዳሜ ሬዲዮዋ ያንን ዘፈን ጀመረች። ዘልዬ ተነሳሁ፤ "ልዝጋው?"

"ለምን?" አሉ አንሶላውን እየዘረጉ። "ዘፈኑ አልዋሸኝም። እንዲያውም ሴትየዋ ተሳስታለች። ስልኩን ዝም ብላ መዝጋት አልነበረባትም።"

እትዬ አብረኸት በመንጃ ፈቃዱ አላቆሙም። ሆቴሉን ለቀው የአውቶቡስ ነጂነት ሥልጠና ገቡ። ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ፣ እንግሊዝኛቸውም ከሁሉ ይበልጥ የሚሰባበረው እሳቸው ነበሩ። ክረምት ከበጋ መጽሐፉ ከእጃቸው አይለይም፤ የፍሬኑን የአየር ግፊት ምርመራ በቃላቸው ይዘው ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ይደግሙታል። ሃይ ስኩል የገባሁ ዓመት፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮልፋክስ ላይ አውቶቡስ ቆመልኝ። በሩ ተከፈተ። ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ጠቆር ያለ መነጽር፣ ቀጥ ያለ ጀርባ።

"እትዬ አብረኸት!" ብዬ ጮህኩ።

"ወደ ኋላ እለፊ፤ በር ላይ አትቁሚ" አሉኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ተቀምጬ ሳይ በመስታወቱ እያዩኝ ነበር፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ይዘውታል። የቤቴን ፌርማታ አልፌ እስከ መጨረሻው ድረስ ሄድኩ።

ያንን ሥራ አሥራ አራት ዓመት ሠሩ። ቶርንተን ትንሽ ቤት ገዙ። መንዳት የሚፈሩ ሴቶችን፣ ያገራችንንም የሌላ አገርንም፣ እሑድ እሑድ ፓርኪንግ ሎት ወስደው ያስተምሩ ነበር። እናቴም አብራቸው ትሄዳለች፤ አሁን የምትጮኸው በሌላ ሰው ላይ ነው። ሰውየውን ዳግመኛ አላገቡትም፤ ሌላም አላገቡ። ናሆም የሚባለው ልጅ ትልቅ ከሆነ በኋላ አንድ ቀን አውቶቡሳቸው ላይ መሳፈሩን ነግረውኛል። በመልኩ አወቁት። "እንደምን ዋልክ አልኩት፤ እንደምን ዋሉ አለኝ። የተባረከ ልጅ ነው" አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ካረፉ አራት ዓመት ሆነ። በፍታታቸው ቀን የቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ረድፍ ዩኒፎርም በለበሱ ነጂዎች ተሞልቶ ነበር፤ ግማሾቹ ከሺፍት በቀጥታ የመጡ ናቸው።

እኔ የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ለአንድ የሰማንያ ዓመት አባት አስተረጎምኩ። ዶክተሯ ከመግባቷ በፊት ልጃቸው ኮሪደር ላይ ያዘኝና፣ "እባክሽ እህቴ፣ ከባድ ነገር ከተናገረች አለስልሽው። ቀላል ነው በያቸው። አይችሉትም" አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚወድ ልጅ ነው።

"የተባለውን ነው የምተረጉመው" አልኩት። "ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ግን ዶክተሯ ራሳቸውን ትጠይቃቸው። ስጋትህን ለእሷ ንገራት፤ ያንንም እተረጉማለሁ።"

ተቆጣኝ። ቢሆንም ነገራት። ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እኔ ጥያቄዋን ወደ አማርኛ መለስኩት፤ "አባባ፣ በምርመራው የተገኘውን ሁሉ ማወቅ ይፈልጋሉ?"

"ታዲያ ለምን መጣሁ?" አሉ።

እያንዳንዱን ቃል ነገርኳቸው። ድምፄ አልጨመረም፤ አልቀነሰም። አዛውንቱ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ዶክተሯንም አመሰገኑ። ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ ወደቆመው ልጃቸው ዞሩ።

"ና፣ ቅረብ" አሉት። "ብዙ የምንነጋገረው አለ።"

ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ወጣሁና በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላቸው።